ከህዳጉ ላይ የቆረጥኩት

ስፋቱ ሁለት ጣት የማይሞላ የወረቀት ቁራጭ ነበር። ካተሩ የብረት ማስመሪያውን ተከትሎ ሲሄድ ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ ቁራጩ እየተጠቀለለ ከጠረጴዛው ጫፍ ይንሸራተትና ቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ይገባል። በዚያን ቀን አራት ቁራጭ ጣልኩ፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፣ ሁለቱን ከግራና ከቀኝ። ከታች የቆረጥኩት ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ነበረበት። ሁለት መስመር ያህል፣ ወደ ቀኝ ዘመም ያለ የእጅ ጽሑፍ። አይቼዋለሁ፤ ግን አላነበብኩትም።

ፍሬም ቤት የተቀጠርኩት ለንደን በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሱቁ ሰሜን ለንደን ውስጥ ያለ ጠባብ ቤት ነው። ከፊት መስታወት፣ ከጓዳ የእንጨት ብናኝና የሙጫ ሽታ። ሥራውን ከመሠረቱ እዚያው ተማርኩት፤ እንጨት አሰያፎ መቁረጥ፣ ማዕዘን ማጋጠም፣ መስታወት መቁረጥ፣ ሥዕሉን የሚከብበውን ካርቶን መብሳት። የሠርግ ፎቶ፣ ዲፕሎማ፣ የሟች አባት ምስል፣ የእግር ኳስ ማሊያ ሳይቀር በእጄ አልፏል። በሥራዬ እኮራ ነበር። ማዕዘኑ ፀጉር የማያሳልፍ ከሆነና ወረቀቱ እንደ ከበሮ ቆዳ ከተወጠረ ሥራው ተዋጣልኝ እል ነበር። ከዚያ ያለፈ ነገር ከወረቀት አልጠበቅሁም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘው ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ክንድ የሚያህል ርዝመት ያለው፣ መሃሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የመታጠፊያ ሰንበር ያለበት አሮጌ ካርታ ነው። ወንዙ ከታች እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ኮረብቶቹ እንደ ቁልል እህል ናቸው፤ ጥላቸው በአንድ ጎን ብቻ ወድቋል። መንደሮቹ እያንዳንዳቸው ትንሽዬ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። በማዕዘኖቹ የከተማ ፕላንና የትልልቅ ቤተ ክርስቲያኖች ሥዕል ገብቷል። ወሰኖቹ በአረንጓዴ፣ በሮዝና በቢጫ ተቀብተዋል። እንዲህ ያለ ውብ ነገር በእጄ ገብቶ አያውቅም።

«የአባቴ ነበር» አሉኝ። «ዕድሜውን ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ነው የኖረው። ቅዳሜ የባለቤቴ ልደት ነው፤ ይደርስልኛል?»

በልኩ እንሥራ ካልን ለቅዳሜ አይደርስም። ተሠርቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ፍሬም ግን ነበረን፤ ወረቀቱ በሁለት ጣት በለጠው እንጂ ለካርታው የተሠራ ይመስላል። «ዙሪያውን ያለውን ባዶ ወረቀት ትንሽ ላንሳለት?» አልኳቸው።

«አንተ ታውቃለህ» አሉኝ።

አላውቅም ነበር።

ካርታውን ስገለብጠው ጀርባው በሁለት ገጽ የተሞላ ኅትመት ሆኖ አገኘሁት። በአንደኛው ገጽ የተያያዘ ጽሑፍ፣ በሌላኛው የቦታ ስም ዝርዝር። ቀለሙ ወደ ፊት ዘልቆ ግራጫ ጥላ ጥሏል። የታየኝ እድፍ ነው። ከኋላው ነጭ ካርቶን ቢለጠፍበት ጥላው ይጠፋል፣ ሰንበሩም ይዘረጋል ብዬ አሰብኩ። በመሃላቸው ማጣበቂያ ወረቀት አስገብቼ በሙቀት መጫኛ ማሽኑ ተጫንኩት። ሲወጣ እንደ መስታወት ለጥ ብሏል። አዛውንቱ ዓርብ ማታ መጥተው ሲያዩት ፊታቸው በራ፤ ከሂሳቡ በላይ ጉርሻም ሰጡኝ።

ከስድስት ዓመት በኋላ በእኔ ዕድሜ የምትገኝ አንዲት ሴት ያንኑ ፍሬም ተሸክማ መጣች። ገና በሩ ላይ ሳለች አወቅሁት። አባቷም እናቷም አርፈዋል፤ ቤቱ ሊሸጥ ነው፤ ካርታው ለእሷ ደርሷታል። የሱቃችንን ስም ያገኘችው ፍሬሙ ጀርባ ላይ ካለው ተለጣፊ ነው።

«ለሚያውቅ ሰው አሳይቼው ነበር» አለችኝ። «ትክክለኛ ነው፤ የጆን ስፒድ የሚድልሴክስ ካውንቲ ካርታ ነው፤ ግን በየትኛው ዓመት እንደታተመ ጀርባውን ሳላይ ልነግርሽ አልችልም አለኝ። ደግሞ አባቴ ሲነግረኝ አያቴ ካርታውን ከየት እንደገዛው፣ መቼና ለምን እንደገዛው ከታች በእርሳስ ጽፎበት ነበር። ያንን ማየት ፈልጌ ነው። ከካርቶኑ ሊላቀቅ ይችላል?»

ጓዳ ውስጥ ያኔም ከእኔ በቀር የሚሠራ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ዓይኗን እያየሁ «ያኔ የሠራው ሌላ ሠራተኛ ሳይሆን አይቀርም፤ አጣርቼ እደውልልሻለሁ» አልኳት። ካርታውን ትታልኝ ሄደች።

የቆረጥኩት ሳላውቅ ነው። የዋሸሁት ግን እያወቅሁ ነው። ከሁለቱ ዛሬም ድረስ የሚከብደኝ ይኸኛው ነው።

በዕረፍት ቀኔ ኪንግስ ክሮስ አጠገብ ወደሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። የአንባቢ ካርድ በነፃ እንደሚሰጥ እንኳ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የገባሁት ለሴትየዋ የምነግራት አንዳች ማምለጫ ላገኝ ነው፤ ጽሑፉ ብዙም ጥቅም የለውም የሚል ነገር። ያገኘሁት የዚያን ተቃራኒ ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት በየሳምንቱ ተመላለስኩ።

ካውንቲ ማለት በእኛ በቀድሞው አጠራር አውራጃ እንደማለት ነው። እንግሊዝን አውራጃ በአውራጃ ለክቶ ካርታ ያወጣላት ክሪስቶፈር ሳክስተን የሚባል የዮርክሻየር ሰው ነው። ሥራውን በ1570ዎቹ አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1579 የእንግሊዝንና የዌልስን አውራጃዎች በአትላስ አሳተመ። ዌልስን ሊለካ ሲሄድ የንግሥት ኤልሳቤጥ የምክር ቤት አባላት በ1576 የይለፍ ደብዳቤ ጻፉለት። ደብዳቤው ለየአካባቢው ሹማምንት ያዘዘው ነገር ልቤን ነካው። ሰውየውን ወደ ማማ፣ ወደ ግንብና ወደ ኮረብታ አውጡት፤ አገሩን የሚያውቁ ሁለት ሦስት ታማኝ ሰዎች አብረውት ይሁኑ፤ ሲሄድም ዌልሽኛም እንግሊዝኛም የሚናገር ፈረሰኛ ወደሚቀጥለው የገበያ ከተማ ያድርሰው ይላል። የእነዚያ ታማኝ ሰዎች ስም ካርታው ላይ የለም። ግን ያ ኮረብታ ማን ይባላል፣ ያኛው መንደርስ ሲባል የመለሱት እነሱ ናቸው። የእኛንም አገር ካርታ ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1683 ሲያወጣ ከኋላው የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም።

ሳክስተን የሠራው ለግድግዳ ጌጥ አልነበረም። የንግሥቲቱ ዋና አማካሪ ሎርድ በርሊ ካርታዎቹ ገና ከማተሚያው ሲወጡ የሙከራ ቅጂ እየተቀበለ፣ በገዛ እጁ ማስታወሻ ይጽፍባቸው ነበር። የአገር መከላከያ ጉዳይ ነው፤ ጠላት በየት በኩል ሊወርድ ይችላል፣ በየአውራጃው ያለው ባለሥልጣን ማን ነው የሚል። ያ ጥራዝ ዛሬ የሚገኘው እኔ በተቀመጥኩበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ሰው ጽፎበታል ተብሎ አልተጣለም። እንዲያውም ከሌሎቹ ቅጂዎች ሁሉ ለይተው የሚጠብቁት በርሊ ስለጻፈበት ነው።

ጌጥነቱም ቢሆን ውሸት አይደለም። ራልፍ ሼልደን የሚባል ባለጸጋ በ1590ዎቹ አራት አውራጃዎችን ከሳክስተን ካርታ አስቀድቶ በግድግዳ የሚሰቀል ትልልቅ ምንጣፍ አሠርቷል። ኮረብታውና መንደሩ በሱፍና በሐር ተሸምኗል። ይህን ሳነብ ካርታን ግድግዳ ላይ መስቀል በራሱ ነውር እንዳልሆነ ገባኝ። የእኔ ጥፋት ለግድግዳው ስል ሌላውን ሁሉ መደምሰሴ ነው።

የሴትየዋን ካርታ ያወጣው ጆን ስፒድ የቼሻየር ሰው ነው፤ ሙያው ልብስ ስፌት ነበር። ከመርፌና ከክር ያላቀቀው ፉልክ ግሬቪል የሚባል ባላባት ለታሪክና ለካርታ ያለውን ፍቅር አይቶ ነው። ስፒድ እንደ ሳክስተን አገሩን ሁሉ ዞሮ አልለካም፤ በእነ ሳክስተንና በእነ ጆን ኖርደን ሥራ ላይ ነው የገነባው፤ ይህንንም አልደበቀም። ለሚድልሴክስ ካርታው መነሻ ያደረገው ኖርደን በ1593 ያወጣውን ነው፤ የኖርደንንም ስም ካርታው ላይ አስፍሮለታል። ስፒድ የራሱን ያከለው በከተሞቹ ፕላን ነው። ከሰባ በላይ ከተሞችን በካርታዎቹ ማዕዘን አስገብቷል፤ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ፕላን የሚባል ነገር ወጥቶላቸው አያውቅም። አንዳንዶቹን ራሱ በእግሩ እየረገጠ ለክቷቸዋል፤ መለኪያቸውም በእርምጃ ነው።

ካርታዎቹን መዳብ ላይ የቀረጸለት ደግሞ አምስተርዳም የተቀመጠው ዮዶኩስ ሆንዲየስ ነው። ሆንዲየስ የፍላንደርስ ተወላጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1584 ከጦርነትና ከሃይማኖት ስደት ሸሽቶ ለንደን ገብቶ ወደ አሥር ዓመት ኖሯል። የሳክስተንንም ሰሌዳዎች ከቀረጹት መካከል እንደ ሬሚጊየስ ሆገንበርግና ሌናርት ቴርዎርት ያሉ ከዚያው አካባቢ፣ ከዛሬዎቹ ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ የመጡ ሰዎች አሉ። እንግሊዞች የአገራችን መልክ ብለው የሚኮሩበትን ካርታ የቀረጹት የባዕድ እጆች ነበሩ። እኔም ባዕድ ነኝ። የእነሱ እጅ መዳቡን የቀረጸው ከቀኝ ወደ ግራ ተገልብጦ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲያርፍ እንዲቃና። እያንዳንዱን የመንደር ስም፣ እያንዳንዷን ፊደል እየገለበጡ ጽፈዋል። የእኔ ካተር ግን ሥራውን የጨረሰው በአንድ ደቂቃ ነው።

የሚድልሴክስን ካርታ በዝግታ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። የምኖርበት ቶተንሃም ከለንደን በስተሰሜን፣ በሜዳ የተከበበች መንደር ሆና አገኘኋት። ኢዝሊንግተንም መንደር ነው፤ ሃክኒም እንዲሁ። ዛሬ በአውቶቡስ ስሄድ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የማይታወቀው ሰፈር ያኔ በመካከሉ እርሻና ጫካ ነበረው። የንጉሡና የመኳንንቱ የአጋዘን ማደኛ በእንጨት አጥር ተከቦ ይታያል። አውራጃው ስድስት «ሀንድረድ» ነበረው፤ በእኛ ወረዳ እንደማለት። ቶተንሃም ኤድመንተን በሚባለው ውስጥ ነበረች። ሚድልሴክስ ራሱ በአስተዳደር ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1965 ፈርሷል፤ አብዛኛው የለንደን አካል ሆኗል። ስሙ የቀረው በክሪኬት ቡድን፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲና በሽማግሌዎች ፖስታ አድራሻ ላይ ነው። ያ አውራጃ ሙሉ አካሉን ይዞ ያለው በእንዲህ ዓይነቱ ወረቀት ላይ ነው።

የሌለውም ነገር ይናገራል። የሳክስተን ካርታ ላይ መንገድ የሚባል የለም። ወንዝ አለ፣ ድልድይ አለ፣ መንገድ የለም። መንገዱን መንኮራኩር እያንከባለለ አስለክቶ እንደ ተዘረጋ ጥቅልል ያሳተመው ጆን ኦግልቢ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1675፣ ከሳክስተን መቶ ዓመት ገደማ በኋላ። ከዚያ ወዲህ በወጡት የአውራጃ ካርታዎች ላይ መንገድ በብዛት ይታይ ጀመር። እኔን የገረመኝ ድልድዩ ነው። መንገዱ ሳይሣል ድልድዩ የተሣለው፣ ተጓዥ ወንዝ ላይ ከደረሰ ማወቅ የሚያስፈልገው የቱ ጋ እንደሚሻገር ስለሆነ ይመስለኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1676 የታተመውን የስፒድን አትላስ ሚድልሴክስ ገጽ ላይ ከፍቼ ቆየሁ። በማዕዘኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ቆሟል፤ አሮጌው። ያ ካቴድራል ግን በ1666 በታላቁ የለንደን ቃጠሎ ነድዷል። ካርታው በታተመበት ጊዜ ቦታው ላይ ያለው ፍርስራሽና ገና መሠረቱ የተጀመረው የአርክቴክቱ የክሪስቶፈር ሬን አዲስ ሕንፃ ነው። የሰሌዳው መዳብ ከተቀረጸ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አታሚዎቹ የሻጩን ስም ቀይረው ያንኑ ሰሌዳ መልሰው ቀለም ቀቡት። ስለዚህ አንድ ካርታ አንድ ዕድሜ ብቻ የለውም። አገሩ የተለካበት ዓመት አለ፣ መዳቡ የተቀረጸበት ዓመት አለ፣ ወረቀቱ የታተመበት ዓመት አለ። ቀለሙም የራሱ ዓመት አለው፤ ብዙዎቹ የተሸጡት ያለ ቀለም ነበርና ከመቶ ዓመታት በኋላ የተቀቡ አሉ። ሦስቱን አራቱን ዓመት ሳይለይ «በዚህ ዘመን ለንደን እንዲህ ነበረች» የሚል ሰው በተቃጠለ ቤተ ክርስቲያን ይምላል።

ታዲያ እነዚህ ዓመታት የሚለዩት በምንድን ነው? በአብዛኛው ባጠፋሁት ነገር ነው። በሴትየዋ ካርታ ላይ ያለው የሻጭ ስም ጆርጅ ሀምብል ነው፤ ሱቁ ሮያል ኤክስቼንጅ ፊት ለፊት። በዚያ ስም ግን ካርታው ለብዙ ዓመታት ደጋግሞ ታትሟል። አንዱን ኅትመት ከሌላው የሚለየው የጀርባው ጽሑፍ ነው፤ ለእያንዳንዱ እትም ፊደሉ እንደገና ይለቀም ስለነበር የመስመሩ አወራረድ ይለያያል። የድሮ አረንጓዴ ቀለም የሚሠራው ከመዳብ ዝገት ነው፤ ከዘመናት በኋላ ወረቀቱን እየበላ ቡናማ ሆኖ በጀርባው ይወጣል፤ ባለሙያው ቀለሙ ጥንታዊ መሆኑን የሚያውቀውም ከዚያ ነው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሲያነሱት የወረቀት ፋብሪካው የውሃ ምልክት ይታያል። ሰሌዳው በማተሚያው ሲጫን በካርታው ዙሪያ የሚተወው ጠርዝ ደግሞ ህዳጉ ላይ ነው የሚቀረው፤ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። ጀርባውን ካርቶን ላይ ለጥፌዋለሁ። ህዳጉን ቆርጬዋለሁ። ካርቶን የተለጠፈበት ወረቀት ብርሃን አያሳልፍም።

እድፍ ያልኩት ነገር የልደት ምስክር ወረቀቱ ነበር።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላም ለሴትየዋ አልደወልኩም። እውቀት ብቻውን አላስደወለኝም። ያስደወለኝ ሌላ ነገር ነው።

በዚያው ሰሞን እህቴ ከደብረ ታቦር በስልክ ፎቶ ላከችልኝ። የአያታችንን ዳዊት ማኅደሩ ስላረጀ ልታሳድስለት አውጥታው ኖሮ፣ «ስምህን አገኘሁት» ብላ መጨረሻው ላይ ያለውን ቅጠል አንስታ ላከችው። እኛ ቤት የልደት ሰርተፊኬት የሚባል አልነበረም። አያቴ ልጅና የልጅ ልጅ ሲወለድ ቀኑን፣ ወሩንና በማን ዘመነ ወንጌላዊ እንደሆነ የሚጽፈው በዳዊቱ ህዳግ ላይ ነበር። ለንደን ስገባ የተወለድክበት ቀን ተብዬ ስጠየቅ የመለስኩት፣ መታወቂያዬ ላይ ያለው ቀን፣ የመጣው ከዚያ ህዳግ ነው። ጽሑፉ ከመዝሙሩ አይደለም፤ ከሐረጉም ከሥዕሉም አይደለም። ለማያውቅ ሰው የተበላሸ ብራና ነው።

ይህ ደግሞ የአያቴ ብቻ ልማድ አይደለም። በየገዳማቱ ባሉ ወንጌሎች ባዶ ገጽና ህዳግ ላይ የርስት ስጦታ፣ የጉልት ድንበር፣ የምስክሮች ስም ተጽፎ ይገኛል፤ የታሪክ ሰዎች የስንቱን አገር ነገር ያወቁት ከዚያ ነው። እኔ በቄስ ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አንድ ጊዜ ሱቃችን በመስታወት የታሰረ የብራና ቅጠል መጥቶ ነበር። የመልአክ ሥዕል አለበት። ገልብጬ ሳነበው ግእዙ ከመካከል ይጀምርና ከመካከል ይቋረጣል። ከመጽሐፉ ላይ ቆርጠው፣ ሥዕሉን ወደ ሰው ጽሑፉን ወደ ግድግዳ አዙረው ሸጠውታል። ያን ቀን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የሠራሁት። ይህን የቆረጠ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ነበር። የስፒድም አትላሶች እንዲሁ እየተገነጠሉ ነው ቅጠል በቅጠል ለግድግዳ የተሸጡት፤ መሃል ላይ ያለው ሰንበር የመጽሐፍ ገጽ እንደነበረ የሚመሰክር ነው፤ እኔ በማሽን የተጫንኩት ሰንበር። በሰው አገር ወረቀት ላይ ያን ያህል ቀርቤ ያላየሁት በራሴ አገር ብራና ላይ ሲሆን ወዲያው ታይቶኛል።

የእህቴን ፎቶ አጉልቼ የአያቴን እጅ ጽሑፍ ሳነብ፣ ያ ወደ ቀኝ ዘመም ያለ እርሳስ ታወሰኝ። በማግሥቱ ደወልኩላት።

መጣች። ጓዳ አስገባኋትና ቆመን እያለን ነገርኳት። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሠራተኛ አልነበረም፤ የአያትሽን ጽሑፍ ቆርጬ ጥዬዋለሁ፤ ምን እንደሚል አላነበብኩም፤ ባለፈው የነገርኩሽ ውሸት ነው። ለተወሰነ ጊዜ ካርታውን ብቻ አየች። ከዚያ «አባቴ ያን ዓርብ ማታ ይዞት ሲገባ እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር አልረሳም» አለች። ሌላ አልተናገረችም። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

በራሴ ወጪ ወረቀት የሚጠግን ባለሙያ ዘንድ ወሰድነው። ሙጫው በኬሚካል ቀስ በቀስ ሊለቅ ይችላል፤ ግን ቀለሙን ሊያፈስሰው ይችላል፣ ወረቀቱም በአረንጓዴው መስመር ላይ ሳስቷልና ሊሰነጠቅ ይችላል አለን። ሁለት ሳምንት አሰበችበትና ይቅር አለች። ስለዚህ የትኛው ኅትመት እንደሆነ አይታወቅም። አያቷ ከየት እንደገዛውም አይታወቅም።

ዛሬም ሥራዬ ፍሬም ነው። አሮጌ ወረቀት ሲመጣ መጀመሪያ እገለብጠዋለሁ፣ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አነሳለሁ፣ የተጻፈ ካለ ለባለቤቱ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። አላጣብቅም፤ ከላይ በኩል በጃፓን ወረቀትና በስንዴ ሙጫ ሁለት ቦታ አንጠለጥለዋለሁ፤ ያ ሙጫ በውሃ ይለቃል። ህዳግ አልነካም። ፍሬሙ ካነሰ ፍሬሙ ይሰፋል፤ ለቅዳሜ ካልደረሰም አይደርስም። የሚድልሴክሱን ካርታ በሰፊ ፍሬም እንደገና ሠራሁላት፤ ከኋላው ፖስታ አድርጌ የሆነውን ሁሉ በእርሳስ ጻፍኩ፤ ማን እንደቆረጠው፣ በየትኛው ዓመት፣ ጀርባው ላይ ምን እንደነበረ፣ ከታችም ሁለት መስመር የእጅ ጽሑፍ እንደነበረበት። ስሜንም ፈርሜበታለሁ። እሷም ከሥሩ የአያቷንና የአባቷን ስም ጨመረችበት።

በየቤታችሁ፣ በአገር ቤትም በስደትም፣ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ካርታ፣ የአባት የምስክር ወረቀት፣ የአያት ዳዊት ያላችሁ፣ ለፍሬም ሠሪም ለጠራዥም ከመስጠታችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት። ህዳጉ ላይ ያለውን አንብቡት፣ ጀርባውንም ፎቶ አንሱት። ከዚያም ሰውየውን «ዙሪያውን እንዳትነካ» በሉት። «አንተ ታውቃለህ» አትበሉት።